ጫፉ የተቆረጠ ማስመሪያ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም። ጠዋት ጋዜጣ አነሣለሁ፣ ግማሽ ገጽ ሳልደርስ እጥለዋለሁ፤ መስኮት ጋ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ «እባክህ ውጣልኝ፣ ወለሉን በእግርህ ጨረስከው» ብላ ስታባርረኝ፣ እግሩ የሚወዛወዝ ወንበር ተሸክሜ ወጣሁ። ሠላሳ አራት ዓመት የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክተር ስለነበርኩ ሰው ዛሬም በዚሁ ነው የሚጠራኝ። ወንበር የተሸከመ ኢንስፔክተር ሲያዩ የሰፈሩ ሰዎች ሳቃቸውን በግድ ነው የያዙት።

የሄድኩት ሰፈሩ «አባ ሚሊ» ወደሚለው አናጢ ነው። አንዲት ሚሊ ሜትር ከጎደለች የተሠራ በር አፍርሶ እንደገና የሚጀምር ሰው ስለሆነ የወጣለት ስም ነው። ስደርስ ከሴት ልጁ ጋር ተፋጠዋል። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቷን ጨርሳ ለክረምት የመጣች ናት፤ እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት እነሱ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«እንኳን መጡ ጋሼ ኢንስፔክተር!» አለ አባ ሚሊ፣ መላጊያውን ከእጁ ሳያስቀምጥ። «እስቲ ይፍረዱን። የክሊኒኩ አሥራ ስምንት በሮች ይኸው ተደርድረዋል። እሷ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልስልኛለች፣ ቀለም ትቀባልኛለች ብዬ ነበር የተቀበልኩት። እሷ ግን ክረምቱን በነጻ ላስተምር ትለኛለች። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ አይደለም?»

«ስምንት ሳምንት ነው አባዬ፤ ያውም እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ» አለች ልጅቱ። «ልጆቹ ከወንዙ ማዶ ናቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቤታቸው የሚነበብ ነገር የለም፣ የሚጠይቃቸውም የለም። መስከረም ላይ ግማሹን ረስተው ይመለሳሉ። ያም በየዓመቱ እየተደራረበ አምስተኛ ክፍል ሳይደርሱ ይተዉታል። ለእኔ ሃያ ስድስት ልጆች ተመድበውልኛል። የሚተካኝ ሰው የለም፤ እኔ ከቀረሁ ክፍሉ ይዘጋል።»

«እኔ የማውቀው፣ በነጻ የመጣ በነጻ ይሄዳል!»

እዚህ ላይ፣ ማንም ሳይጋብዘኝ፣ እንደ ልማዴ ገባሁበት። «አባ ሚሊ፣ ልጅት እውነቷን ነው። ልጆች በክረምት ምን ያህል እንደሚረሱ በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ መሰለህ!»

«ጽፈው ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል፣ ፋይል ሆነ።»

አባ ሚሊ ከልቡ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ነገሩ ቀኑን ሙሉ ሲያሳክከኝ ዋለ።

«ልጄ ሆይ» አለ ሳቁን ሲጨርስ፣ «ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል። ዛሬ ልብሽ ሞቆ ቃል ትገቢያለሽ። የእንደዚህ ዓይነት ሰዎችን አጀማመር አውቃለሁ፤ አጨራረሳቸውን ነው ያላየሁት።»

«እኔ ልጅህ አይደለሁም እንዴ? በር ጀምረህ ትተህ ታውቃለህ?»

አባ ሚሊ ወደተደረደሩት በሮች ዞረ። እኔም አጋጣሚውን ተጠቅሜ አስታረቅኳቸው፤ አሥር ቀን ይስጣት፣ እሷም ከሰዓት በኋላ በሮቹን ትሥራ፣ ከዚያ እንደገና እንነጋገር ተባለ። ወንበሬንም እዚያው ትቼ ወጣሁ።

በአሥረኛው ቀን አባ ሚሊ ጠዋት በሬን አንኳኳ። ግባ ብለው እንቢ አለ። «ቀኑ ሞልቷል። ልጄን ላመጣት ነው፤ ምስክር ይሁኑኝ።» መንገዱን በሙሉ እየቀደመኝ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ስደርስበት ደግሞ ይቀድመኛል። ከጸጉሩ ላይ ሰጋቱራውን እንኳ አላራገፈም። ዝናቡ ሊጥል አስቧል፣ እሱ ቀና ብሎ አላየውም።

ትምህርቱ የሚሰጠው ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ቤቱን በስስ ጣውላ ሦስት ቦታ ስለከፈሉት፣ አንዱ ክፍል ሲቆጥር ሌላው ክፍል ይዘምራል፣ ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ይጮኻል። ልጅቱን ያገኘናት ውጭ፣ ደረጃው ላይ ነው። ዓይኗ ቀልቷል።

«እንኳን መጣህ አባዬ» አለች። «እንሂድ። አልቻልኩም።»

«ምን ሆነሻል?»

«አይገባቸውም። ሦስት ቀን ሙሉ መለካት ብቻ ነው ያስተማርኳቸው። ደብተራችሁን ለኩ ስላቸው ሃያ ስድስቱም ይሳሳታሉ። ለካ ይኮራረጃሉ፤ ሁሉም ያው አንድ ስሕተት ነው። ዛሬ አንዷን ኮረጅሽ ብዬ በሰው ፊት ተቆጣኋት፣ አለቀሰች። እኔም ወጣሁ። ያልከው ልክ ነበር፤ በሮቹን ብንጨርስ ይሻላል።»

እኔ ሰውዬው ደስ ይለዋል ብዬ ነበር፤ የመጣው ሊወስዳት አይደል? እሱ ግን ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። ሦስት እርምጃ ሄደ፣ ተመለሰ።

«አትሄጂም» አለ።

«አንተ ራስህ አይደለህ እንዴ...»

«እኔ አትጀምሪ ነው ያልኩሽ! ከጀመርሽ በኋላ ተዪው አላልኩሽም። ጋሼ፣ እርስዎም ይስሙ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ እንደ እሷ ያሉ ወጣቶች ሰፈራችን መጥተው ነበር። ሸጋ ልጆች ነበሩ። አንደኛው ስሜን መጻፍ አስጀመረኝ። ግማሹን እንደጻፍኩ ‹የቀረውን ሰኞ› አለኝ። ሰኞ ፊቴን ታጥቤ ሄድኩ፤ አልመጣም። ማክሰኞም ሄድኩ። ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ደጃፍ ላይ ቆሜ ዋልኩ። ሰውዬው ምን እንደገጠመው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ምናልባት በቂ ምክንያት ነበረው። እኔ ግን ያን ጊዜ ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ደደብ ስለሆንኩ ነው የሸሸኝ አልኩ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት እስኪሞላኝ እርሳስ አልያዝኩም።»

ልጅቱ ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። አባቷን እንደ አዲስ ሰው ታየው ጀመር። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ስለ «ትምህርት ማቋረጥ» የጻፍኩት ሁሉ ትዝ አለኝና አፈርኩ፤ ደጃፍ ላይ ቆሞ ራሱን የሚወቅስ ልጅ አንድም ቦታ አላስገባሁም።

«ተነሺ» አላት፣ አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንዴት እንደሚሳሳቱ አሳዪኝ።»

ወደ ክፍሉ ገባን። የተቆጣቻት ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። ጓደኞቿ «ጥያቄ» ይሏታል፣ ስለማያልቅባት። አባ ሚሊ ጎንበስ ብሎ «እስቲ ለእኔም ለኪልኝ» አላት። እሷም የወረቀት ማስመሪያዋን ደብተሩ ላይ አጋድማ፣ ጫፉን ከጫፉ አጋጥማ፣ ቀስ ብላ አነበበች።

«ሃያ አንድ።»

«እኔ ጋ ሃያ ነው» አለች አስተማሪዋ የራሷን ማስመሪያ አንስታ።

«ሁሉም ሃያ አንድ ነው የሚሉት?»

«ሁሉም።»

«ሰው ሲሳሳት አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ነው» አለ አባ ሚሊ። «ሃያ ስድስት ሰው እኩል ከተሳሳተ ሰዎቹን ተዪና መሣሪያውን እዪ።» ወረቀቱን ወስዶ መስኮቱ ጋ አቀናው። አንዲት ሚሊ እንኳ የማታመልጠው ሰው ነውና ወዲያው አገኘው። «ይሄ ከየት መጣ?»

«ለሁሉም የሚበቃ ማስመሪያ ስላልነበረን በፎቶ ኮፒ አባዛነው።»

«ማሽኑ ጫፉን በልቶታል። የሚጀምረው ከአንድ ነው፤ ዜሮው የለም። ልጆቹ በያዙት ማስመሪያ በትክክል ለክተዋል። አንቺ ሙሉውን ይዘሽ፣ መጀመሪያው የተቆረጠባትን ልጅ ኮረጅሽ ትያለሽ!»

የአስተማሪዋ ፊት ተለዋወጠ። ግን፣ ይህን ለክብሯ እመሰክራለሁ፣ ምክንያት አልደረደረችም። ከጥያቄ አጠገብ ተንበረከከችና ሁሉም እየሰሙ «አልኮረጅሽም። ልክ ነበርሽ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለቻት። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቃቸው የመጀመሪያቸው ሳይሆን አልቀረም።

አባ ሚሊ ከኪሱ የራሱን ሜትር አወጣ። «ይሄም መጀመሪያው ከተበላ ቆይቷል፤ እስከ አምስት ድረስ ቁጥሩ አይታይም። ልጣለው?»

«ይጣል!» አሉ።

«አልጥለውም። ከአሥር ጀምሬ እለካለሁ፣ ሲያልቅ አሥሯን እቀንሳለሁ። አናጢ ከስሕተት የሚያመልጠው እንዲህ ነው።»

«እንግዲያው እኛ አንድ እንቀንሳ!» አለች ጥያቄ፣ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ። «ሃያ አንድ ሲቀነስ አንድ... ሃያ! ወረቀቱ አይጣል!»

ከዚያ በኋላ ማን ያስቀምጣቸው! በር ለኩ፣ መስኮት ለኩ፣ ጫማ ለኩ። በመጨረሻ እኔን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ከአሥር ጀምረው ለኩኝ፣ አሥሩን ቀነሱ፣ ከመታወቂያዬ ሁለት ሴንቲ አጠር ብዬ ተገኘሁ። ስንት ትምህርት ቤት ስመዝን ኖሬ እኔን ማንም ለክቶኝ አያውቅም ነበር።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ዝናቡ ወረደና ሁላችንም ደጃፉ ላይ ተጠጋግተን ቆምን። አባ ሚሊ አንድ ቦታ መቆም አልቻለም፤ እጁን ወደ ዝናቡ ይዘረጋል፣ መልሶ ያብሳል።

«ጋሼ፣ ተሸነፍኩ» አለ። «እኔ የፈራሁት ትቶ መሄድን ነበር። ያን ፈርቼ ግን መጀመርን ከለከልኩ። ልጆቹ ስምንት ሳምንት እኮ እዚህ ቢውሉ መስከረም ላይ ካቆሙበት ይቀጥላሉ፣ ሀ ብለው አይጀምሩም። ቀኑን መንገድ ላይ አይውሉም። ልጄም ብትሆን ዩኒቨርሲቲው ያላስተማራትን ዛሬ ተማረች። እኔም በኋላ የሚሠራልኝ ሰው ስቀጥር፣ መለካት የሚያውቅ ሰው ነው የማገኘው።»

«በሮቹስ?» አለች ልጅቱ፣ ቀስ ብላ።

«ወደ ክሊኒኩ ሄጄ አንድ ሳምንት እንዲጨምሩልኝ እለምናለሁ። ማለዳ ተነሥተን እንልጋለን፣ ከሰዓት በኋላ እንቀባለን።»

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ይህን ሁሉ በንድፈ ሐሳብ አውቀው ነበር። ክረምት ለባለጸጋ ልጅ ዕረፍት፣ ለድሃ ልጅ ግን ወደ ኋላ መንሸራተቻ መሆኑን አውቃለሁ። ጥቂት የተማሩ ሰዎች የቀናቸውን ግማሽ ቢሰጡ፣ የሰጡትንም እስከ መጨረሻው ቢያደርሱት፣ ብዙ ልጅ እንደሚተርፍ አውቃለሁ። ማወቄ ግን እስከዚያ ቀን ለአንድም ልጅ አልጠቀመም።

ጥያቄ የአባ ሚሊን ኮት ጫፍ ያዘች። «ነገም ይመጣሉ?»

ቃሉ ምን እንደሚያስከፍል ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ልጁን አየ፣ ዝናቡን አየ።

«እመጣለሁ» አለ። «እስከ መጨረሻው ቀን።»

እሷም ለማረጋገጥ ትንሽ አየችውና ወደ እኔ ዞረች። «እርስዎስ አባባ?»

ምክንያት ፈለግኩ። ጉልበቴን አሰብኩ፣ ዕድሜዬን አሰብኩ። ጥያቄ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

«ስንት ሰዓት ነው የሚጀመረው?» አልኳት።

«ሁለት ተኩል» አለችኝ። «እንዳያረፍዱ።»