ዳማ የሸሸው ክንድ፦ የአቶ ዓባይነህ ፀጋው ዜና ሕይወት

ወገኖቼ፣ የማነብላችሁ የሟች አጎት፣ አቶ ክንዴ ነኝ። ከዚህ ወረቀት አንድም ቃል እንዳልቀንስ ያዘዙኝ የወለዷቸው እናት ናቸውና እስከ መጨረሻው አድምጡኝ።

አቶ ዓባይነህ ፀጋው ከአባታቸው ከአቶ ፀጋው ውብአየሁና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻረግ ዋጋዬ በ1974 ዓ.ም. በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ በሚገኘው በዚሁ መንደራችን ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአዲስ ቅዳም ተምረው፣ በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠልጥነው ወረዳውን ሲያገለግሉ ኖሩ፤ አንድ ፈረስ ለመውጋት እንኳ እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ ቆዳውን በአልኮል ሳይጠርጉና አዲስ መርፌ ሳያወጡ የማይነኩ፣ ጥንቃቄያቸው እኛን ችኩሎቹን የሚያሰለች ሰው ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ከወይዘሮ እመቤት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሶስናና ሰውነት የተባሉ ሁለት ልጆችን ወልደዋል።

በ2007 ዓ.ም. በጥር 23ቱ የፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ሲጋልቡ፣ ዳማ ከሚባለው ፈረሳቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። አጥንቱ ቢጠገንም በሕክምና ላይ ሳሉ የተሰጣቸውን የሕመም ማስታገሻ መርፌ ሰውነታቸው ለመደው፤ ወደ ቤታቸው ከተመለሱ በኋላም መድኃኒቱን በስውር እያስገዙ ራሳቸውን ይወጉ ጀመር። ይህን ያን ጊዜ ማናችንም አላወቅንም።

አስቀድሞ ያወቀው ዳማ ነው። ባለፈው ሐምሌ፣ ጌታውን ሲያይ የሚያሽካካው ፈረስ፣ ግራ ክንዳቸውን ሲዘረጉለት አሽትቶ ጆሮውን ወደ ኋላ ጣለና አፈገፈገ፤ ከዚያ ወዲያም አላስጠጋቸውም። ብዙ ሳይቆይ ክንዳቸው አበጠ፣ ቀላ፣ እንደ ምጣድ አቃጠለ። በአገራችን እንዲህ ያለውን ትኩስ እብጠት መርፌ ከነካው ይገድላል ስለሚባል፣ እናታቸው ሐኪም ቤት እንዳይሄዱ ከልክለው የሥራ መርፌዎቻቸውን ሁሉ ከቤት አውጥተው አስቀበሩ፤ እኛ ዘመዶችም መርፌ የያዘ ሰው እንዳይገባ በየተራ በሩን ጠበቅን። እብጠቱ ግን በተዘጋው ቤት ውስጥ ይዘዋወር ጀመር፤ ከክንድ ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ጧት ጧት በአዲስ ቦታ መግል ቋጥሮ ይገኛል። የገባ ሰው የለም። ጎረቤት በደጃችን ማለፉን ተወ፣ ቤቱ ጠበል ተረጨ፣ እናታቸውም የማይታይ ነገር ልጃቸውን ሲበላ እያዩ በፍርሃት አለቁ።

አቶ ዓባይነህ በትኩሳት መቃዠት ሲጀምሩ ወይዘሮ እመቤት የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰዷቸው። ሐኪሞቹ መግሉን አፈሰሱ፣ መድኃኒትም ሰጡ፤ ነገር ግን መመረዙ ወደ ደማቸው ገብቶ ነበር። ቀደም ብለው ቢመጡ ይድኑ እንደነበርም ነገሩን። በመጨረሻ ሰዓታቸው እናታቸውን አስጠርተው፣ በቀርከሃው አልጋቸው እግር ክፍተት ውስጥ አንዲት አሮጌ መርፌ ከተረፈው መድኃኒት ጋር ተደብቃ እንዳለች፣ ሳይቀቅሉና ሳይጠርጉ በእሷ ሲወጉ እንደከረሙ፣ ቤቱ ከመዘጋቱ በፊትም ስማቸውን ላለመጥራት ከማሉላቸው ሁለት ሰዎች ጋር እንደተዋዋሷት ተናዘዙ። እኛ በሩን ስንጠብቅ መርፌዋ ቤት ውስጥ ነበረች።

አቶ ዓባይነህ መስከረም 14 ቀን 2008 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። እናታቸው ወይዘሮ የሻረግ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ እመቤት፣ ልጆቻቸው ሶስናና ሰውነት፣ እንዲሁም እነዚያ ሁለት ሰዎች ከእርሳቸው በኋላ ቀርተዋል። እናታቸው ይህ ሁሉ ይነበብ ያሉት ለእነዚህ ለሁለቱ ሲሉ ነው።

ከወረቀቱ ውጭ አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ እንደ ልማዳችን ዳማን ሸልመን በለቀስተኛው መካከል ስንስበው፣ ከሬሳው አጠገብ ጸጥ ብሎ ቆመ። ከእናንተ መካከል ግን ሁለት ቦታ ላይ ጆሮውን ጥሎ አፈገፈገ። የት የት እንደሆነ አይቻለሁ፤ ስም አልጠራም። የሐኪም መርፌ አይገድላችሁም። ወደ ሆስፒታል እንዲወስዳችሁ ወይዘሮ እመቤት ያስመጡት ባጃጅ ከቅጥሩ በር ላይ ቆሟል።

እግዚአብሔር የልጃችንን ነፍስ ከደጋጎቹ አባቶች ዕቅፍ ያሳርፍልን፤ ለሁለቱም ጊዜ ያቆይላቸው፤ አሜን።