አሳ ጠባሹ ኤንዳ ካሶኒ እና ያልታየው ሰባተኛ ክፍል

ከድልድዩ ወዲህ ከኦፋሊ አውራጃ፣ ከድልድዩ ወዲያ ከጎልዌይ አውራጃ ተነሥታችሁ በዚህ ዝናብ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ድካማችሁን አምላክ ይቍጠርላችሁ። አባ ማላኪ «ፊሎሚና፣ እባክሽ አጭር ይሁን» ብለው አስጠንቅቀዋል፤ ይሁን እንጂ ሰባ አራት ዓመት የኖረ ሰው በአጭሩ አይነገርምና፣ የአቶ ኤንዳ ካሶኒን ዜና ሕይወት ታላቅ እህታቸው ፊሎሚና፣ እንደ ቻለች ጽፋ፣ እንደ ጻፈችው ታነብላችኋለች። የረዘመበት ጆሮውን ይያዝ።

አቶ ኤንዳ ከአባታቸው ከአቶ አምብሮጆ ካሶኒና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዲምፍና ኪልሮ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ በሦስተኛው ዓመት፣ በሻነን ወንዝ ዳር በዚችው በክሎንራ ከተማ፣ ከአባታቸው አሳ ጥብስ ቤት በስተጀርባ ባለችው ክፍል ተወለዱ። አባታቸው ከሮም በስተደቡብ ካለ ተራራማ መንደር በወጣትነታቸው መጥተው፣ ቋንቋውን ከደንበኛ አፍ ለቅመው የተማሩ ስለ ነበሩ፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ «ጨው ላድርግ? ኮምጣጤስ?» ከሚለው ጥያቄ በቀር አቃንተው የሚናገሩት ጥቂት ነበር፤ እናታቸው ግን የሮስኮመን ተወላጅ ነበሩና የባላቸውንም ድርሻ ጨምረው ይናገሩላቸው ነበር። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስም አቶ ኤንዳ ከመነኮሳቱ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ንባብና ስሌት ጠንቅቀው፣ እስከ መጨረሻው ተምረዋል። ፊሎሚና ግን የበኩር ልጅ፣ በዚያ ላይ ሴት በመሆኗ፣ ገና በልጅነቷ ከትምህርት ቤት ወጥታ ድንች ስትልጥ አድጋለች፤ ይህም የሚነገረው ለምሬት ሳይሆን፣ መነኮሳቱ ያስተማሩትን ጭንቅላት ማን ሲያበላው እንደ ኖረ እንዳይረሳ ነው።

ከትምህርት በኋላ አቶ ኤንዳ ከአባታቸው ጎን ከመጥበሻው ፊት ቆሙ። ዓርብ ሥጋ የማይበላበት ቀን ነውና፣ ዓርብ ማታ የወንዙ ሁለት ዳርቻ ሰው እኛው በር ላይ ይሰለፍ ነበር፤ ኦፋሊና ጎልዌይ ሳይጣሉ አንድ ሰልፍ የሚይዙትም በዚያች ማታ ብቻ ነበር። እሱም ሁለቱ አውራጃዎች በዱላ ኳስ ጨዋታ የማይጋጠሙበት ሳምንት ሲሆን ነው።

ሃያ አንደኛ ዓመታቸውን እንደ ያዙ፣ አንድ አነስተኛ የፊልም ድርጅት ለቴሌቪዥን የሚሆን ተከታታይ ድራማ ሊሠራ ከደብሊን መጥቶ በከተማችን ሰፈረ። የድራማው ስም «ወዲህና ወዲያ» ሲሆን፣ ታሪኩም ከድልድይ አጠገብ የምትኖር ባሏ የሞተባትን ሴት፣ በወዲህ በኩል ከረግረጉ የአፈር ማገዶ የሚቆርጥ ጎልማሳ፣ በወዲያ በኩል ደግሞ ጀልባ ቀዛፊ ለጋብቻ ሲሻሟት የሚያሳይ ነበር። ማገዶ ቆራጩ የኦፋሊ፣ ጀልበኛው የጎልዌይ ሰው መሆኑን ለናንተ መንገር ለአሳ ዋና ማስተማር ነው፤ ነገር ግን ከሩቅ የመጡ እንግዶች ስላሉ ይነገር። የሁለቱ ዳርቻ ሰውም፣ ለመጣላት ምክንያት ያነሰው ይመስል፣ አዲስ ምክንያት በቴሌቪዥን መጣለት።

ስድስቱ ክፍሎች በየእሑዱ ታዩ። ሰባተኛው፣ ማለትም ሴቲቱ ሙሽራ ሆና ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትገባበት የመጨረሻው ክፍል፣ ተቀርጾ ካበቃ በኋላ ድርጅቱ ከስሮ ስለ ተበተነ፣ ማንም ሳያየው ቀረ። ከዚያ በኋላ ሴቲቱን ማን አገባት በሚለው ክርክር የተሰበረው ብርጭቆ በዚህ ከተማ ከተሰበረው ብርጭቆ ሁሉ ይበልጣል። በቀረጻው ላይ ሕዝብ ሆነው የቆሙት የከተማው ሰዎች «ወደ በሩ ተመልከቱ» ከመባል በቀር የሚያውቁት አልነበረም፤ ሁለቱ ተዋናዮች ደግሞ አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ፣ «ያገባኋት እኔ ነኝ» እያሉ በየመጠጥ ቤቱ ሲጋበዙ ኖረው፣ ምስጢሩን ይዘው ሞቱ፤ ሴቲቱን የተጫወተችውም ከድርጅቱ ጋር ሄዳ ወሬዋ ጠፋ።

ከሁሉ ይልቅ ፍዳዋን ያየችው ፊሎሚና ናት። ሙሽሪትን የምትጫወተው ተዋናይት በወንዙ ብርድ ታማ ተኝታ ስለ ነበር፣ በቁመት የምትመጥናት እርሷ ሆና ተገኘችና፣ ወፍራም ዓይነ ርግብ ተጥሎባት፣ ባዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ጀርባዋን ለካሜራ ሰጥታ ከበሩ እስከ መሠዊያው ደረጃ ተራመደች። ሙሽራው በሌላ ቀን ይቀረጻል ተባለች፤ ወደ ቤቷም ሄደች። ከዚያ ወዲህ አሳ ስታገላብጥም ሆነ ከቅዳሴ ስትወጣ፣ «ፊሎ፣ ለመሆኑ ማንን ነው ያገባሽው?» ያላላት የለም። «እኔ ምን አውቄ! ያንተዋ ሚስት አንተን ለምን እንዳገባች ታውቃለች?» ትላቸው ነበር። በእውነተኛው ዓለምም አላገባችም፤ የሚመጥናት ስላልመጣ ነው እንጂ ጠያቂ አጥታ አይደለም።

አቶ ኤንዳ ከወዲያኛው ዳርቻ ወይዘሮ ኑአላ ፋሂን አገቡ። በሠርጉ ዕለት የሙሽሪት አባት ጽዋቸውን አንሥተው «ልጄን የምሰጥህ ሴትየዋን የወሰደው የኛ ጀልበኛ መሆኑን ካመንክ ነው» ቢሏቸው፣ አቶ ኤንዳ «ጋሼ፣ ልጅዎን እወስዳለሁ፤ ሴትየዋን ግን አልሰጥም» ብለው አዳራሹን በሳቅ አናወጡት። ከወይዘሮ ኑአላም ጋር በዚሁ ነገር ሳይስማሙ፣ በሌላው ሁሉ ተስማምተው፣ ኦርናን እና ፊንባርን ወልደው በክብር አሳድገዋል። ወይዘሮ ኑአላ ከጥቂት ዓመታት በፊት ባረፉ ጊዜ፣ አቶ ኤንዳ ያለ እርሳቸው ከመጥበሻው ፊት መቆም ስላልሆነላቸው፣ እሳቱን አጥፍተው ሱቁን ዘጉ።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው ከተዘጋ በኋላ ነው። ፊሎሚና ግድግዳውን፣ ወለሉን፣ ጣራውን ሳይቀር በሶዳ ፈትጋ ካጸዳች በኋላ፣ ቤቱ አሁንም ኮምጣጤ ኮምጣጤ አላት።

«ኤንዳ፣ የሆነ ቦታ ኮምጣጤ ደፍተሃል።»

«እታለም፣ ጠርሙሱን ሁሉ ለጎረቤት አድለሽ የለም እንዴ? ምኑን ልድፋ?»

«እንግዲያው አፍንጫዬ ነው የሚዋሸው በላ!»

«አፍንጫሽ እንኳ አይዋሽም፤ የሰው ጓዳ ነው የሚገባው።»

ከሳምንታት በኋላም ሽታው ባሰ እንጂ አልቀነሰም። ፊሎሚና ንጽሕናዋ የተነካ ያህል ተቈጥታ፣ አቶ ኤንዳም ነገሩ እያስገረማቸው፣ ሁለት ሽማግሎች እንደ አዳኝ ውሻ ግድግዳ ለግድግዳ እያሸተቱ ደረጃውን ወጡ፤ ሽታውም ከመጥበሻው በላይ ካለችው ክፍል አደረሳቸው። በዚያች ክፍል፣ ያ የፊልም ድርጅት ሲሄድ «በሚቀጥለው በጋ እንወስዳቸዋለን፤ ብቻ እርጥበት እንዳይነካቸው» ብሎ ለአቶ አምብሮጆ የሰጣቸው የታሸጉ የቆርቆሮ ዕቃዎች ተደርድረው ነበር። አቶ አምብሮጆም በመላ አየርላንድ ከመጥበሻ በላይ የሆነ ደረቅና ሞቃት ክፍል እንደማይገኝ በኩራት እየተናገሩ እዚያ አኖሯቸው፤ በሞታቸውም ጊዜ «የሰው አደራ አይከፈትም» ብለው ለልጃቸው አስተላለፉ። ያልተቀረጸበት ትርፍ ፊልም ይመስለን ነበር እንጂ፣ በውስጡ ምን እንዳለ የጠየቀ አልነበረም።

«የአባባ አደራ ነው እኮ» አሉ አቶ ኤንዳ እጃቸውን ሰብስበው።

«አደራ ሲገማ ዝም ይባላል? ክፈተው!»

ተከፈተ። ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ወጣ። በክዳኑ ውስጥ የተለጠፈው ወረቀት «ወዲህና ወዲያ፣ ሰባት» ይል ነበር፤ በሌሎቹም ላይ ከአንድ እስከ ስድስት ተጽፎ ተገኘ።

ደብሊን ወደሚገኘው ፊልም አዳሽ ቤት ቆርቆሮዎቹን በመኪና ጭነው ወሰዷቸው። ሙይረን የምትባል፣ ዛሬም እዚህ በመካከላችን ያለች ወጣት ተቀብላቸው፣ የድሮ ፊልም ሙቀት ሲበዛበት እየበሰበሰ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ላብ እንደሚያልበው፣ የሚወደውም ብርድ ብቻ እንደ ሆነ አስረዳቻቸው።

«ብርድ?» አለች ፊሎሚና። «ከዚህ አገር ብርድ ሞልቶ በተረፈ፣ እኛ ሙቀት ስናቃጥልለት ኖርን?»

«ግን እንዲህ ኮምጣጤ ሲሸት እንዴት አልጠረጠራችሁም?» አለች ልጅቷ።

«ልጄ» አሉ አቶ ኤንዳ፣ «አሳ ጥብስ ቤት ነን እኮ። የምንጠረጥረው ኮምጣጤ ያልሸተተ ዕለት ነበር።»

ስድስቱ ክፍሎች ጠባሳቸው እንዳለ ሆኖ ዳኑ። የድርጅቱን ወራሾች ፈልገው አግኝተው፣ ፈቃዳቸውን ተቀብለው፣ ባለፈው ገና በዲቪዲ አሳተሟቸው፤ በየቤቱም ምስሉ እየቆመ «ያቺ ባርኔጣ የአባቴ አይደለችም? መልሰው፣ መልሰው!» የማይባልበት ቀን አልነበረም። ሰባተኛው ግን ተሰብስቦ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ፣ እንደ አይብ ድፍን ሆኖ ስለ ነበር፣ ሙይረን ለወራት በትዕግሥት ስትፈለቅቀው ቆየች። በዚያው ጊዜ አቶ ኤንዳን የሳንባ ሕመም ያዛቸው። ሐኪሞቹ ያሉትን ሰምተው ሲመለሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ እርሱም መጨረሻውን ለማየት እንደርስ ይሆን ወይ የሚል ነበር።

አንድ ቀን ሙይረን ደወለች። «አቶ ኤንዳ፣ ወጥቷል! እኔ ቁርጥራጩን እንጂ ተያይዞ አላየሁትም። ይምጡና እርስዎ ለብቻዎ ይዩት፤ የከተማው አዳራሽ እስኪዘጋጅ ምናልባት...»

«ምናልባት ብሞትስ ማለትሽ ነው? አይ ልጄ፤ ከተማ ሙሉ የጠበቀውን ለብቻዬ አላይም። ዕድሜ ካለኝ ከሰው ጋር አያለሁ፣ ከሌለኝም ይቅር።»

እግዚአብሔርም ዕድሜ ሰጣቸው። በጸደይ፣ አየር የሚተነፍሱበትን ጠርሙስ በጎናቸው አድርገው፣ ወዲህ ኦፋሊ፣ ወዲያ ጎልዌይ በተቀመጠበት አዳራሽ መካከል ተቀመጡ። መብራት ጠፋ። ሙሽሪት በዓይነ ርግብ ገባች፤ ማገዶ ቆራጩ በአንዱ ረድፍ፣ ጀልበኛው በሌላው ረድፍ ቆመዋል። ለየብቻ የተቀረጸው ተገጣጥሞ፣ በመካከላቸው አለፈች። ከመሠዊያው ደረጃ ስትደርስ ዓይነ ርግቧን ገለጠች፤ እዚህ ላይ ተዋናይቱ ራሷ ናት። ሁለቱንም አየቻቸው። ከዚያም በጎን በር ወጥታ፣ ወደ ገዛ ቤቷ ሄዳ፣ በሯን ዘግታ፣ የአንድ ሰው ሻይ ጣደች። አለቀ።

 ከጎልዌይ በኩል አንድ ድምፅ «ይሁን፤ ብቻ ኦፋሊ አልወሰዳትም!» አለ። «እናንተስ ባዶ ጀልባ ይዛችሁ ቀራችሁ!» ተባለ ከወዲህ፤ ሳቁም ጣራውን አነሣው። አቶ ኤንዳ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ፊሎሚናም አምሳ ዓመት ማንን አገባሽ ስትባል ኖራ፣ ማንንም አለማግባቷን የዚያን ዕለት አወቀች፤ ደስም አላት።

ሳቁ ግን እስከ ማግስቱ ነበር። የወይዘሮ ኑአላ ወንድም አቶ ጃርላት ከጎልዌይ፣ አቶ ኮነል ዱሊ ከኦፋሊ፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው በአንድ በር ገቡ። «ኤንዳ፣ ሰባተኛውን አታሳትመው» አሉ። «ያየን አየን፤ ይብቃ። ልጆቻችን ምን ይከራከሩበት? ይህ ክርክር እኮ ከድልድዩ በላይ ያገናኘን ነው።» አቶ ኤንዳም አስብበታለሁ ብለው ሸኟቸው። ሲወጡ ለእህታቸው የነገሯት ይህ ነው፤ «እታለም፣ አምሳ ዓመት ሙሉ ማን ወሰዳት ሲባል ኖረ፤ እርሷን የጠየቃት የለም። አሁን መልስ ሰጥታለች። መልሷን ቆርጬ ልጣለው?» ከዚያ በኋላ ድምፃቸው እየደከመ ሄዶ፣ ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት፣ በገዛ አልጋቸው ላይ አረፉ።

ትናንት አስከሬናቸው በቤት ሳለ፣ እነዚያው አቶ ጃርላትና አቶ ኮነል ውስኪና ሥጋ ያለበት ዳቦ ይዘው መጥተው፣ «ፊሎ፣ አንቺ መቼም አስተዋይ ነሽ» ብለው ጀመሩ። አስተዋይ የተባለች ሴት ምን ልትጠየቅ እንደ ሆነ ወዲያው ይገባታል። «ነገ በቤተ ክርስቲያን ትሰሙታላችሁ» አለቻቸው። ውስኪውን ግን ተቀበለች።

እንግዲህ ስሙ። አቶ ኤንዳ ካሶኒ ልጃቸውን ኦርናን፣ ልጃቸውን ፊንባርን፣ የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታላቅ እህታቸውን ፊሎሚናን፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንገታቸውን የደፉትን አማቻቸውን አቶ ጃርላትን፣ እንዲሁም «ወዲህና ወዲያ»ን ከአንደኛው እስከ ሰባተኛው ክፍል፣ መጨረሻው ሳይጐድል፣ ለመጪው ገና በየሱቁ እንዲገኝ አድርገው ትተውልን አልፈዋል። የሚከራከር ካለ፣ ሴትየዋ ልክ ናት ወይስ አይደለችም በሚለው ይከራከር፤ እርሱም ለሌላ አምሳ ዓመት ይበቃል።

የሰማይና የምድር ጌታ የወንድማችንን የአቶ ኤንዳን ነፍስ ተቀብሎ ከሚወዷቸው ከኑአላ ጎን ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ ለቀረነውም ያልመረጥነውን መልስ የምንቀበልበት ልብ ይስጠን። አሜን።