ሞላሌ ደርሶ መልስ

እናንተዬ፣ ግቢዬ ውስጥ ሦስት ያረጁ መኪኖች አሉኝ። አንዷን ሳበጅ ሌላዋ ትበላሻለች። በየጊዜው አስነስቼ ካላሞቅኋቸው ደግሞ የከተማችን የመሐል ሜዳ ብርድ ጨርሶ ይገድላቸዋል። ባለፈው እሑድ ፒካፗ አልነሳም አለች። ከቅዳሴ የሚመለሱ ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቁልቁለቱን ገፉልኝ፤ ተነሳች! እትዬ አስካለ እያለከለኩ በመስኮቱ ብቅ አሉና፣ «ወዴት ልትሄድ ነው ልጄ?» አሉኝ። ለካ የምሄድበት የለኝም። ያን ሁሉ ሰው አስገፍቼ «ሞተር ላሞቅ ነው» እንዴት ልበል?

«ሞላሌ» አልኩ፣ የጎረቤቷን ከተማ ጠርቼ።

«ዘመድ ልትጠይቅ?»

«አዎ።»

«እሰይ! ብቻህን ከምትቀመጥ ሰው ጋ መሄድህ ደስ ይላል።»

ምን አደርጋለሁ፣ ሄድኩ። ሞላሌ ስደርስ ሻይ እንኳን አማረኝ፤ ግን ባትሪው የሞተ ነው፣ ባጠፋት ማን ይገፋልኛል? ሳልወርድ ገበያውን ዞሬ ተመለስኩ። ቤቴ በር ላይ ቆሜ ክላክስ አደረግሁ። በሩ አልከፈት ሲለኝ ተናደድኩና ደገምኩ፤ አሁንም የሚከፍት የለም። የበሩ ቁልፍ እኮ ኪሴ ውስጥ ነው።