ጋሼ ተክሌ በራቸውን ያዞሩ ጊዜ

በእኛ ጊዜማ ምን እነግራችኋለሁ፣ ትምህርት ቤት ማለት ገበያ ነበር፣ ወላሂ፤ ሰው ሁሉ ልጁን ላከ፣ ደርግ ተማሩ ብሏላ፣ ልጁን ያላስተማረ ደግሞ አድኃሪ ይባላል፣ እና አንድ ክፍል ውስጥ ከመቶ በላይ ልጅ፣ አግዳሚው ሞልቶ መሬት፣ መሬቱ ሞልቶ መስኮት ላይ። ልጆቹ ለመቀመጫ የዘይት ቆርቆሮ ከቤታቸው ተሸክመው ይሄዱ ነበር፣ አትሳቅ አንተ፣ እውነቴን ነው! አስተማሪው ስም ጠርቶ ሳይጨርስ ደወሉ ይደወላል። ታዲያ ማታ "ዛሬ ምን ተማራችሁ?" ስትላቸው "አቤት" ማለት ብቻ ነው የተማሩት።

ታዲያ "ክፍል ይጨመርልን፣ አንድ ሁለት ክፍል ሥሩልን" እያልን ስንጮህ ቀበሌ ስብሰባ ጠራ። ስብሰባ መቅረት የለም፣ የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳሩን አያገኝም፣ እና ሁላችንም ሄድን። እኛ ከሸማ ተራ ጀርባ ነን፣ ላይኛው ቀበሌ፤ እኔ ያኔ ድርና ማግ እሸጣለሁ። ሊቀመንበሩ ተነሳ፣ እንዲህ ደረቱን ነፋና፣ "ጓዶች! የተማሪውን መጨናነቅ ከሥር መሠረቱ ለመቅረፍ አብዮታዊ እርምጃ ተወስዷል!" ሲል ክው አልን። በዚያ ዘመን እርምጃ ተወሰደ ሲባል ሬሳ ነው የሚታየን። ኋላ ሲያብራራው እርምጃው ለካ በትምህርት ቤቱ ላይ ነው። "ከእንግዲህ ይህ ትምህርት ቤት የታችኛው ቀበሌ ልጆች ብቻ ነው። የኛ፣ የላይኛው ቀበሌ ልጆች ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከአውቶቡስ ተራ ወዲያ ባለው ይማራሉ!" አለ።

አንዲት ሴት ተነስታ "ኧረ ጌታው፣ ትምህርት ቤቱ እኮ ደጄ ላይ ነው፣ ደወሉ ሲደወል የኔ ድስት ይንቀጠቀጣል" ብትል፣ ቀና ብሎ አያትና "ጓድ፣ ይሄ አስተያየት ነው ተቃውሞ?" አላት። ምን ትበል ምስኪን? "አስተያየት" አለችና ቁጭ አለች። "የምትደግፉ?" ሲል እጅ ሁሉ ወጣ፣ ከዚያ አጨበጨብን። ማጨብጨብ ለምደን ነበር፣ ምን እናድርግ።

እና ጋሼ ተክሌ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። የቡልጋ ሰው፣ ልብስ ሰፊ፣ ቁጥብ ሰው። ሚስታቸው የሺ ጓደኛዬ ናት፣ እሷ በስለት እኔ በዱዓ ስንጨቃጨቅ የኖርን። ሁለት ልጅ አላቸው፤ ታደሰ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ከአባቱ ጋር የሚሰፋ፣ መለሎ ጎረምሳ፤ እና ብርቄ፣ ያኔ ስምንት ዓመቷ ይሆናል። ብርቄ ዓይኗ ደካማ ነው። አጠገቧ ካልደረስክ እናቷን ከእኔ አትለይም፣ ትጠራኝ ነበር፣ "እማዬ" ብላ፣ እኔም "አቤት" እላታለሁ። እዚህ ትምህርት ቤት አስተማሪዋ ያውቋታል፣ ከፊት ያስቀምጧታል።

ያ አስፋልት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ከአሰብ ጭኖ የሚመጣው ተሳቢ ሁሉ ወደ ገበያ የሚገባው በዚያ ነው። ሰሌን የምትሸጥ አንዲት ሴት ልጅ ነበራት፣ ልጆቹ ወደ ማዶ መሄድ በጀመሩ በሳምንቱ ተሳቢ በላው። ታዲያ ብርቄን ታደሰ ነበር እጇን ይዞ የሚያሻግራት፣ ግን ፈረቃው ዛሬ ጠዋት ነገ ከሰዓት፣ አንድ ቀን ዘግይቶ ደረሰና ልጅቷ ብቻዋን ተነስታለች። ሹፌሩ ፍሬን ይዞ፣ መኪናው ሲጢጥ ብሎ፣ አፍንጫዋ ሥር ቆመ። እሷ አላየችውም! "ምንድን ነው የጮኸው?" ነው ያለችው። የሺ መጥታ እኔ ላይ ወደቀች፣ "ከድጃ፣ ብልካት ገዳይዋ እኔ ነኝ፣ ባልልካት አደንቁሬ ማስቀረቴ ነው፣ የቱን ልሁን?" አለችኝ። 

ጋሼ ተክሌ የቀበሌያችን ጸሐፊ ዘንድ ሄዱ። ሲነግሩኝ እንዲህ ነው ያሉኝ፤ "ልጄ፣ የዚችን ልጅ ዓይን እያየህ፣ እዚሁ ብትማር ምናለ?" አሉት። ጸሐፊው ሰው አልነበረም አልልም፣ ደክሞት ነው መሰለኝ፣ "ጋሼ ተክሌ፣ ቤት የሚመዘገበው በሩ በሚከፈትበት በኩል ነው። የእርስዎ በር ወደ እኛ ነው የሚከፈተው፣ እኔ ምን ላድርግ?" አላቸው። የሳቸው ቤት ጀርባ ደግሞ ቀጭን መተላለፊያ አለ፣ እሱ የታችኛው ቀበሌ ነው። እሳቸውም፣ "በሩ በጀርባ ቢሆንስ?" አሉት። "ያን ጊዜማ የታችኞቹ ነዎት" አለ። በቃ!

እሁድ ዕለት ደቦ ነው የተጠራ። ሰዉ ይሥቃል፣ "ጋሼ ተክሌ ቤታቸውን ፊትህን አዙር አሉት" እየተባለ። የጀርባውን ግድግዳ በዶማ የነደለው ታደሰ ራሱ ነው፣ ጭቃው ፊቱ ላይ ተለጥፎ እየሣቀ፣ እኛ ፍርስራሹን እናወጣለን፣ እና የድሮውን በር ጋሼ ተክሌ በቆርቆሮ መትተው ዘጉት። እኔም ቀናሁ፣ እውነት እላችኋለሁ፣ የኔ ጀርባ የሰው ቤት ነው እንጂ፣ በር ላውጣ ብል ሰው መኝታ ቤት ልገባ ነው!

ታዲያ ጋሼ ተክሌ ሊመዘገቡ ታችኛው ቀበሌ ሄዱ። ያኛው ሊቀመንበር ተነስቶ ጨበጣቸው፣ "እንኳን ደህና መጡ ጓድ ተክሌ፣ ቤተሰብ ስንት ነው?" "ባለቤቴ፣ ይቺ ትንሿ፣ እና ወንድ ልጄ።" "ወንዱ ስንት ዓመቱ ነው?" "አሥራ ዘጠኝ።" "ጎበዝ!" አለ። ጋሼ ተክሌ ሲመለሱ ደጄ ቆመው፣ "ከድጃ፣ እንደ ዘመድ ተቀበሉኝ እኮ" አሉኝ። እኔም እሰይ አልኩ።

ያ ጊዜ እንግዲህ የብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ነው። ለየቀበሌው ይህን ያህል ጎረምሳ አምጣ ይባላል። እኛ ቀበሌ ታደሰን የሚነካው አልነበረም፣ የጥበቃዎቹን ልብስ በነጻ ይሰፋላቸዋል፣ ሊቀመንበሩ ራሱ "ታደሰ ለኛ ያስፈልገናል" ብሏል። ታች ግን ማን ያውቀዋል? እዚያ እያንዳንዱ ልጅ የአንዱ የአበልጅ ልጅ ነው፣ የአንዱ የእድር ዳኛ ልጅ ነው፣ ሊቀመንበሩ ማንን ሰጥቶ ከማን ይጣላ? እና አላህ የላከለት ይመስል አንድ እንግዳ ቤት መጣለት፣ በራሱ እግር።

ከቀትር በኋላ ነው የመጡት፣ ብርቄ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ምሳ እየበላች። ሁለት ጥበቃ፣ ጠመንጃ ያነገቡ። "ጓድ ታደሰ፣ ለአጭር ስብሰባ ትፈለጋለህ" አሉት፣ ለስላሳ ድምፅ፣ ወንድም የሚጠሩ ነው የሚመስለው። ልጁ ገባው። መቀሱን አስቀመጠ፣ ሜትሩን ከአንገቱ አወለቀ፣ ወጣ። የሺ እየጮኸች ስትከተል ጋሼ ተክሌ ወደኛ ቀበሌ ሮጡ፣ በነጠላ ጫማ፣ እኔም ተከተልኩ። ሊቀመንበሩ ፊት ወደቁ፣ "ልጄን ወሰዱት፣ የኛ ልጅ ነው በላቸው!" እሱም ዓይናቸውን ሳያይ፣ "ጋሼ ተክሌ፣ እርስዎ እኮ የኛ አይደሉም። በርዎ ወዴት ነው?"

"አዞረዋለሁ!" አሉ። "አሁን አዞረዋለሁ፣ ዛሬውኑ አዞረዋለሁ!"

እና ሮጡ። ስንደርስ ያንን የተመታ ቆርቆሮ በእጃቸው እየገነጠሉ ነው፣ በባዶ እጅ፣ እጃቸው ተተልትሎ ደሙ በክንዳቸው ይወርዳል፣ "ይኸው በሬ! በሬ ይኸው! ኑ እዩ!" ይላሉ። ያ ቁጥብ ሰው። ይዘን አስቀረናቸው፣ ምን ዋጋ አለው፣ ቆርቆሮው ተነቀለ አልተነቀለ ልጁ ሄዷል። የታችኛው ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ከሌሎቹ ጎረምሶች ጋር ጥቂት ቀን አቆይተው ጫኗቸው። የሺ ምግብ ስታቀብለው በአጥሩ ቀዳዳ፣ "እማዬ፣ ብርቄን አሁንም ከፊት ያስቀምጧታል?" አላት። "አዎ" አለችው። "እንግዲያው ጥሩ" አለ። ወደ ሰሜን ነው የሄዱት ተባለ።

ትምህርት ቤቱስ ተቃለለ ወይ በሉኛ! ምን ይቃለላል! በዓመቱ መልሶ ጢም አለ፣ ደግሞ ስብሰባ፣ ደግሞ "ጓዶች!"፣ ደግሞ ሌላ መስመር፣ እና ከታችኛውም ቀበሌ ግማሹ ወደ ማዶ ሂድ ተባለ፣ ብርቄም አብራ። አዎ፣ ብርቄም! ያኔ ጋሼ ተክሌ የስፌት መኪናቸውን ከድነው ተነሱ፣ የልጅቷን እጅ ይዘው አሻገሩ፣ ከማዶ አጥር ሥር ተቀምጠው እስክትወጣ ይጠብቃሉ፣ ይዘው ይመለሳሉ። "ጋሼ፣ ሥራዎስ?" ብላቸው፣ "የምሰፋለት ልጅ አጠገቤ የለ፣ ምን ሥራ አለኝ" አሉኝ። ብርቄ እስክትጨርስ እንዲያ ኖሩ። ስምንተኛን ስታልፍ ሰፈሩ እልል አለ፣ እሳቸው ግን ቤት ገብተው ተኙ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ክፍል ጨምሩልን ነበር ያልነው። ሁለት ክፍል! ጭቃውን እኛ እናቦካ ነበር፣ የጋሼ ተክሌን ግድግዳ በአንድ ቀን ያዞርን ሰዎች እኮ ነን፣ ክፍል መሥራት ያቅተን ነበር? ያንን ግን ማንም አልጠየቀን። መስመር አሰመሩና አጨብጭቡ አሉን።

ምን አልሽ? ታደሰ? ታደሰማ... ደርግ ወድቆ ወታደሩ በባዶ እግሩ መርካቶን ሲሞላት፣ የሺ አውቶቡስ ተራ እየቆመች የእያንዳንዱን ፊት ታይ ነበር። ውኃ ትሰጣቸዋለች፣ ስሙን ትጠራላቸዋለች። አላገኘችም። ጎረቤቱ "በቃ፣ ልቅሶ እንቀመጥ፣ ይውጣልሽ" ሲላት፣ "መርዶ ማን አመጣልኝ? መርዶ ሳይመጣ ልጄን አልገድልም" እያለች ጥቁር ሳትለብስ፣ አንድ ቀን ሳታለቅስ ኖረች፣ ሳታለቅስ ሞተች። የቀብሯ ዕለት ሰዉ "ከድጃ ለየሺ እንዲህ ታለቅሳለች ወይ?" አለኝ። እኔ ግን ለሁለቱም ነበር ያለቀስኩ፣ ለእሷም፣ እሷ ላላለቀሰችለትም።