«ጥምዝ ብቻ» ብለው የነገዱት የወይዘሮ ሰርካዲስ ኃይለሚካኤል ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ካህናት አባቶቻችን፣ የእድራችን ዳኛና አባላት፣ ከአማን፣ ከቴፒ፣ ከማሻና ከሸኮ ጭቃውን አቋርጣችሁ ለእህታችን ስንብት የደረሳችሁ ለቀስተኞች በሙሉ፤ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀውም የሚያነበውም ታናሽ ወንድማቸው ጥበቡ ኃይለሚካኤል ነው። ሟች በሕይወት ሳሉ ስለ ራሳቸው ሲወራ አይወዱም ነበር፤ ሆኖም ሕመሙ ከጠናባቸው በኋላ ወንድማቸውን አስጠርተው፣ ስሞት በምታነበው ወረቀት ላይ ደግ ደጉን ብቻ ደርድረህ ሰው እንዳታስቅብኝ፣ የ2014ቱን ጥፋቴን የማትጽፍ ከሆነ ወረቀቱን ለሌላ ሰው ስጥ ብለው አዘውታል። ከቤተ ዘመዱ መካከል ይህ በለቅሶ ላይ የሚነሣ ነገር አይደለም ያሉ አልጠፉም። ወንድማቸው ግን ዕድሜውን ሙሉ ታላቅ እህቱን ረትቶ አያውቅምና ዛሬም እንደታዘዘው ያነባል።

ወይዘሮ ሰርካዲስ ከአባታቸው ከአቶ ኃይለሚካኤል ወልደ ጻድቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማናልሞሽ ተሰማ፣ በቀድሞው ከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ በሚዛን ተፈሪ ከተማ ሚያዝያ 6 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ከመንዝ ለፍርድ ቤት ጸሐፊነት ተልከው መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ሲሆኑ፣ እናታቸው ደግሞ በቅዳሜ ገበያ እህል ይነግዱ ስለነበር፣ ሟች ፊደል ሳይቆጥሩ ከእናታቸው ጎን ተቀምጠው በቤንችኛ መከራከር ለምደዋል። ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደደረሰ እስከ ስምንተኛ ክፍል በዚሁ በሚዛን ከተማሩ በኋላ፣ ጂማ ከአክስታቸው ዘንድ ተልከው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። ከዚያም ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው በ1968 ዓ.ም. በፖስታ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ፤ ብዙም ሳይቆይ ጥቅል እየመዘኑ የሚቀበሉበት መስኮት ተሰጣቸው፤ እዚያው መስኮት ላይ ተቀምጠው ጸጉራቸው ሸበተ።

ትዳራቸውንም ያገኙት በዚሁ መስኮት ነው። በቴፒ ቡና ልማት በመካኒክነት ያገለግሉ የነበሩት አቶ ይርዳው መኮንን ቅዳሜ ቅዳሜ በጭነት መኪና እየመጡ አንድ ቴምብር፣ አንድ ብቻ፣ ገዝተው ይመለሱ ነበር። ይህ ለወራት ከቀጠለ በኋላ ሟች፣ ለማን ነው የሚጽፉት ብለው ቢጠይቋቸው፣ አቶ ይርዳው የሚጽፉለት ሰው እንደሌላቸውና ቴምብሮቹም ሁሉ በኪሳቸው እንዳሉ በሐቀኝነት ተናገሩ። በ1973 ዓ.ም. በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ወንድ ልጃቸውን አልአዛርንና ሴት ልጃቸውን ረድኤትን አፍርተዋል። አቶ ይርዳው በ2005 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ሲለዩ ሟች ብዙ ተጎዱ፤ አንድ ዓመት ሙሉም ከሥራና ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አልወጡም።

በ2009 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ያረፉ መስሎን ነበር። እርሳቸው ግን አርባ አንድ ዓመት በእጃቸው ያለፈውን ጥቅል ሁሉ በልባቸው ይዘውት ኖሯል። ልጁ መቀሌ የሚማርበት፣ ልጇ ባሕር ዳር የተዳረችባት፣ እህቱ ሐዋሳ የምትኖርበት ሰው ከዚህ አገር ምን አስሮ እንደሚልክ፣ የትኛው ጥቅል ቶሎ ቶሎ እንደሚደጋገም የሚያውቁ እርሳቸው ብቻ ነበሩ። አንድ ደብተር ገዝተው ከላዩ «ሰው ምን ፈልጎ አጣ» ብለው ጻፉና፣ ለቅሶ ቤትም ሠርግ ቤትም ሄደው ሰው የቸገረውን ዕቃ ሲያነሣ እየሰሙ ማታ ይመዘግቡ ጀመር። ወንድማቸው በዚያን ጊዜ፣ የተከበረች የመንግሥት ጡረተኛ ደብተር ይዛ የሰው ወሬ ትለቅማለች ብሎ አፍሮባቸው እንደነበር እዚህ ላይ ሳይሸሽግ ይናገራል።

በ2012 ዓ.ም.፣ በኮሮናው ጊዜ፣ ልጃቸው አልአዛር ከአዲስ አበባ መጥቶ ቤት በተቀመጠበት ወራት፣ በስልካቸው የቴሌግራም ቻናል ከፈተላቸው። የመጀመሪያው ሙከራቸው የጫካ ማር ነበር፤ እርሱም በአውቶቡስ ላይ ፈስሶ የአንድ መንገደኛ የሠርግ ልብስ ካበላሸ በኋላ ቀረ። ቀጥለው ቡና አሰቡ፤ ነገር ግን ከዚህ አገር ስልክ የያዘ ሁሉ ቡና እንደሚሸጥ አይተው ተዉት። በመጨረሻ ወደ ደብተራቸው ተመልሰው ሲቆጥሩ፣ ከሁሉ በላይ ተደጋግሞ የተጻፈው ጥምዝ ሆኖ አገኙት፤ ለመከለሻ የሚሆን፣ ጣት የሚያህል ረጅም የጫካ ቅመም። ከተማ ውስጥ ይገኛል፣ ነገር ግን ማን እንደለቀመው፣ መቼ እንደተለቀመ የሚያውቅ የለም። ልጃቸው ለቻናሉ ያማረ የእንግሊዝኛ ስም አውጥቶለት ነበር፤ እርሳቸው አጥፍተው «ጥምዝ ብቻ» ብለው ጻፉበት።

ኮረሪማ ጨምሩበት፣ ዝንጅብል ጨምሩበት፣ ያልመከራቸው ሰው አልነበረም። ሟች ግን፣ ሁሉን የሚሸጥ ሱቅ ሚዛን ላይ ሞልቷል፣ እኔን የሚፈልገኝ ሰው ለምን እንደሚፈልገኝ ይወቅ ይሉ ነበር። ከሸኮ በላይ ባለች ቀበሌ የሚኖሩ ዘጠኝ እናቶች ከጫካ የሚለቅሙትን ጥምዝ፣ የእናቶቹ አስተባባሪ በሆኑት በወይዘሮ ቲጂ እጅ እየተቀበሉ፣ በየጥቅሉ ላይ የለቃሚዋን ስም በእጃቸው እየጻፉ፣ ማለዳ በሚነሣው አውቶቡስ ይልኩ ጀመር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደንበኞቻቸው ከጎንደር እስከ ድሬዳዋ ደረሱ፤ የወይዘሮ ቲጂን ጥምዝ ካልሆነ አልፈልግም የሚሉ ሴቶችም ተገኙ።

አሁን ወደ ታዘዝነው እንመጣለን። በ2014 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቅመም እያሸጉ ለትልልቅ መደብሮች የሚያቀርቡ አንድ ነጋዴ ጻፉላቸው፤ ጥምዛችሁ ጥሩ ነው፣ ግን ጢስ ጢስ ይላል፣ በፀሐይ ደርቆ ከመጣ ያላችሁን ሁሉ እወስዳለሁ አሏቸው። ሟች የዚህ አገር ተወላጅ ናቸው። ጥምዝ ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ሳምንታት ተኝቶ በቤቱ ጢስ ቀስ እያለ እንደሚደርቅ፣ ይኸው ጢስ ከሻጋታም ከነቀዝም እንደሚጠብቀው ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቃሉ። ነገር ግን ወደ ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የደንበኛን ቃል ከስልክ ሲያነቡ ኖረዋልና፣ ከሚያውቁት ይልቅ የተጻፈላቸውን አመኑ። ሸኮ ወጥተው፣ ጥምዙን ከቆጥ አውርዱና ሸራ ላይ አስጡት አሉ። ወይዘሮ ቲጂ፣ እትዬ፣ እዚህ አገር ፀሐይ እንግዳ ናት፣ መጥታ ሳትቀመጥ ትሄዳለች ብለው ነበር። ሟች ግን ኅዳር ደርሷልና ግድ የለም አሉ፤ ኅዳር ለደገኛ እንጂ ለእኛ አገር በጋ እንዳልሆነ ረስተው።

ጥምዙ ከላዩ ደረቀ፣ ውስጡ ግን እርጥብ ነበር። በላስቲክ ታሽጎ ለነጋዴውም ለሌሎቹም ደንበኞች ሁሉ ተላከ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ነጭ ሻጋታ የወረሰው ጥምዝ ፎቶ በየቦታው ይለጠፍ ጀመር። ነጋዴው ጆንያዎቹን መልሰው፣ የሸኮ ሴቶች ቆሻሻ ቅመም ነው የሚያቀርቡት ብለው ሰው በሚያነበው ገጽ ላይ ጻፉ፤ ሌላ ሌላውም ሰው እየተቀባበለ ጻፈው። የወይዘሮ ቲጂና የሌሎቹ እናቶች ስም በየሻገተው ጥቅል ላይ በሟች የእጅ ጽሑፍ ጎልቶ ይታይ ነበር።

ቤተሰብ ተሰብስቦ መከረ። አልአዛር፣ ቻናሉን እንዝጋውና በሌላ ስም እንክፈት፣ ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው አለ፤ ልጁ ለእናቱ አስቦ ነው። ወንድማቸውም የሠላሳ ዓመት የአማርኛ መምህርነቱን ሥራ ላይ አውሎ፣ «አቅራቢዎች በፈጸሙት የጥራት ጉድለት ምክንያት» ብሎ የሚጀምር ማስታወቂያ አርቅቆ አቀረበ። ሟች ረጋ ብለው አነበቡትና፣ አማርኛህ ያምራል አሉት፤ ወረቀቱንም አራት ቦታ አጥፈው ከሚወዛወዘው ጠረጴዛ እግር ሥር ሸጎጡት። ከዚያም፣ እኔ ስሜን ብለውጥ ነገ ሌላ ሱቅ ነኝ፣ እነቲጂ ጫካቸውን ለውጠው የት ይሄዳሉ? አሉን።

በዚያው ዕለት በቻናሉ ላይ እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «የሻገተውን ጥምዝ የላክሁት እኔ ነኝ። እናቶቹ በፀሐይ አይሆንም ብለውኝ ነበር፣ አልሰማኋቸውም። የደረሳችሁን ጣሉት፤ ምትኩን እልካለሁ።» ምትክ ግን በእጃቸው አልነበረም፤ ከሸኮ የተረከቡት ጥምዝ በሙሉ እንዲበላሽ ያደረጉት ራሳቸው ናቸውና። በማግስቱ ረድኤትን አስከትለው፣ ይቅርታ ጠይቀው ሥራውን ሊዘጉት ወደ ሸኮ ወጡ። በወይዘሮ ቲጂ በር ላይ ቆመው ያሰቡትን ተናግረው ሳይጨርሱ፣ ወይዘሮ ቲጂ እጃቸውን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቧቸውና ወደ ምድጃው አናት አመለከቷቸው። ቆጡ ሙሉ ነበር። ዘጠኙም እናቶች ሟችን ላለማሳዘን እኩሌታውን ሸራ ላይ አስጥተው፣ እኩሌታውን ደግሞ ሳይነግሯቸው እንደ አባቶቻቸው ልማድ ከጢሱ ላይ ትተውት ኖሯል። ረድኤት እንደምትነግረን፣ እናቷ መሬቱ ላይ ቁጭ ብለው መጀመሪያ አለቀሱ፣ ቀጥለውም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ምትኩ ለሁሉም ተላከ። ከዚያ በኋላ አምስት ወር ያህል አዲስ ደንበኛ አልመጣም፤ ነጋዴውም እስከ ዛሬ አልተመለሱም። ልጆቻቸው ያንን ጽሑፍ ከቻናሉ ላይ እንዲያወርዱት ደጋግመው ቢለምኗቸውም እምቢ አሉ። እያደር ግን ሰው ያንን አንብቦ፣ ያንኑ ጢስ ጢስ የሚለውን ላኩልኝ እያለ ይጽፍላቸው ጀመር። ሟችም ከዚያ ወዲህ ደንበኛ አዲስ ነገር ሲጠይቃቸው፣ እናቶቹን ጠይቄ እመልስልዎታለሁ ከማለት ሌላ መልስ ሰጥተው አያውቁም።

ምን ልነግድ ብሎ ለምክር የሚመጣ ወጣትም ቤታቸውን ያጣብብ ነበር። ሟች ምን ትወዳለህ ብለው አይጠይቁም፤ ሰው ምን ፈልጎ ሲያጣ አየህ? ይሉ ነበር። ዛሬ በአማን ለመንታ ልጆች አንድ ዓይነት ልብስ እየሰፋች በስልክ የምትሸጠው ሐፍሳ፣ በቴፒም ከወገብ የሚታሰር የቡና መልቀሚያ ቅርጫት እያሠራ ወደ ሩቅ እርሻዎች የሚልከው ጀዋር፣ ሁለቱም ከዚህ ጥያቄ የተነሡ ናቸው፤ ሁለቱም አሁን በመካከላችን ቆመዋል።

ወይዘሮ ሰርካዲስ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው በሚዛንና በጂማ የሚቻለው ሕክምና ሁሉ ተደርጎላቸዋል። ዘመናቸው ማጠሩን ሲረዱ ልጆቻቸውን አማክረው «ጥምዝ ብቻ»ን በሙሉ ለዘጠኙ እናቶች አስረከቡ፤ ለወይዘሮ ቲጂም በስልክ መጻፍን፣ ትዕዛዝ መቀበልንና ጥቅል ማሸግን፣ አልጋቸው ላይ ሆነው አስተማሩ። ትናንት ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው በተገኙበት በቤታቸው ዐረፉ።

ወይዘሮ ሰርካዲስ የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። ልጆቻቸውን አልአዛርንና ረድኤትን፣ አምስቱን የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም በራሳቸው ትእዛዝ ከቤተ ዘመዱ ተራ እንዲጠሩ የተደረጉትን ወይዘሮ ቲጂንና ስምንቱን የሸኮ እናቶች ትተውልን ሄደዋል። ዛሬ ጠዋት እናቶቹ ዘግይተው ሲደርሱ፣ ሟች ይህን ሁሉ አድርገውላቸው ለቀብራቸው እንኳ በሰዓቱ አይመጡም ብለው ያጉረመረሙ ነበሩ። ምክንያቱን ወንድማቸው ጠይቆ ተረድቷል። መርዶው የደረሳቸው የሠላሳ አንድ ሰው ጥቅል እያሸጉ ሳሉ ነው። እንባቸውን እየጠረጉ አሽገው ጨርሰው፣ ማለዳ አውቶቡሱ ላይ ጭነው፣ መነሣቱን አይተው ነው የመጡት። ወይዘሮ ቲጂ፣ ሰው እየጠበቀ ብናለቅስ እትዬ ሰርካዲስ ይቆጡናል አሉ።

ጥፋታቸውን ማንም ሳይጠይቃቸው በአደባባይ የተናገሩትን እህታችንን፣ ምሕረቱ የማይጎድል አምላክ ምንም ሳይጠይቅ ይቀበልልን፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸውና ለዘጠኙ እናቶች መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።