ጫጩቷን ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ

የሶሌዳድ እናት፣ የሁላችንም እናት ናናይ ሊጋያ፤ ፓድሬ ኤሊሴዮ፤ የሰፈሩ ሰዎች፤ የሆስፒታላችን ነርሶች፣ ጸሐፊዎች፣ ጥበቃዎች፤ በዚህ ፀሐይ ቆማችሁ የምታለቅሱ ሁሉ፣ እግዜር ያጽናችሁ። እርስዎም ዶክተር ቫልዴራማ፣ እዚያ ጥቁር ጃንጥላ ሥር የቆሙት ዳይሬክተራችን፣ እንኳን መጡ። እንዲመጡ ስጸልይ ነበር።

እኔ ቴዎዱሎ ነኝ፣ ዱሎ በሉኝ። ከሶል ጋር በአንድ ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርተናል። እኔ የተበላሸ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ እሷ ሰው ታስተምራለች። «ያንተ ይሻላል ዱሎ፣ ኮምፒውተር አይኮራም» ትለኝ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ጫጩቷ። ከጠዋት ጀምሮ ስትንሾካሾኩ ሰምቻችኋለሁ። ሣጥኑ ላይ ሩዝ የምትለቅመውን ጫጩት ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ። ፓድሬ ወደ ጎን ጠርተውኝ፣ «ዱሎ፣ ምን ነካህ? ጫጩት የሚቀመጠው በሰው እጅ ለሞተ ነው፣ የገዳዩን ሕሊና እንድትቆረቁር። ሶልን የገደላት ደም ግፊት ነው» አሉኝ።

«ፓድሬ፣ ደም ግፊቱን ማን ሰጣት?» አልኳቸው።

ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ስለዚህ ጫጩቷ እዚያው ትቆያለች።

ሶል ማን ነበረች? የሳይበር ደኅንነት መምህርት ነበረች። ስሙ ያስፈራል። እሷ ግን፣ «ሌባ ሲያንኳኳ በትሕትና እንዳትከፍቱለት ማስተማር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም» ትል ነበር። እኛ የዓመት ፈቃዳችንን ወስደን ባሕር ዳር ስንጋደም እሷ በገዛ ገንዘቧ ሲንጋፖር ሄዳ ተማሪ ሆና ትቀመጣለች። ዓለም በዚያ ዓመት በምን እንደተዘረፈች ተምራ ትመጣለች። ረቡዕ ረቡዕ በምሳ ሰዓት የባቾይ ሾርባችንን ይዘን እንሰበሰባለን፤ እሷም «ባለፈው ወር አውሮፓ ውስጥ አንድ ሆስፒታል እንዲህ ተዘጋ» ብላ ትጀምራለች።

«ማም ሶል፣ አውሮፓ እኮ ሩቅ ነው» አላት አንድ ጊዜ አንዱ ጥበቃ።

«ላንተ ነው ሩቅ» አለችው። «ለሌባው ግን ሦስተኛው ፎቅ ነው።»

ያን የድምፁን ቀን ታስታውሳላችሁ? ስልኳን ከፈተችና የራሷ ድምፅ ሲዘፍን አሰማችን። ሶል ደግሞ ስትዘፍን ድመት የተረገጠች ነው የሚመስለው፤ ሁላችንም እናውቃለን። ስልኩ ውስጥ ግን እንደ መልአክ ትዘፍናለች! ስንስቅ ጠበቀችንና፣ «እኔ አይደለሁም። ማሽን ነው። ጥቂት ድምፅ ሰጥቼው ነው የዘፈነው። ነገ በአለቃችሁ ድምፅ ይደውልላችኋል። ምን ትሉታላችሁ?» አለች።

ታላቅ እህታችንን ማናንግ ፓሲንግን አስነሳቻት። ሠላሳ ዓመት ነርስ የሆነች ሴት ናት፣ ያላዋለደችው የሰፈር ልጅ የለም።

«ማናንግ፣ እኔ ዳይሬክተሩ ነኝ። የመድኃኒት ክፍሉን የይለፍ ቃል ንገሪኝ።»

«እሺ ጌታዬ።»

«ማናንግ! ሆስፒታሉን አስረከብሽው እኮ!»

«ታዲያ ምን ልበለው? አለቃ አይደል?»

«ማን ልበል? በዪው።»

«ውይ! ለዶክተር? ከዚያስ ብሞት ይሻለኛል!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኛ ኢሎንጎዎች፣ የዚህ ደሴት ሰዎች፣ እንዲህ ነን፤ ስንጣላ እንኳ የምንለማመጥ ነው የሚመስለው። አለቃን «ማነህ?» ከማለት ምላሳችንን ብንቆርጠው ይቀለናል። ሶል ይህን ታውቃለች፤ የዚሁ አገር ልጅ ናት። ስለዚህ እንደ ሕፃን ፊደል አስቆጠረችን። ማን ልበል? ማን ልበል? «ከዚያ ስልኩን ዝጉና በምታውቁት ቁጥር መልሳችሁ ደውሉ። እውነተኛው አለቃ አይቀየምም። የሚቀየመው ሌባው ነው» አለችን።

የሚቀየመው ሌባው ነው! እሷ እንኳ እዚህ ላይ ተሳስታለች።

ጆቬሊን የታለች? አንቺ ልጅ፣ ቀና በዪ። ከምዝገባ ክፍል ናት፣ የሠራተኛ የይለፍ ቃልም የምትቀይረው እሷ ናት፣ ታውቋታላችሁ። ዶክተር ቫልዴራማ ከዕረፍታቸው ደውለው የይለፍ ቃል ጠፍቶኛልና ቀይሪልኝ ይሏታል። ልጅቷ፣ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ማን ልበል? በማውቀው ቁጥር መልሼ ልደውል» ትላለች። መልሳም ደወለች። ቀየረችላቸውም። የፈጀው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ነው። ይኸው ነው ጥፋቷ።

ከዚያማ ስብሰባ ተጠራ። ከዶክተሩ፣ ከሶልና ከጆቬሊን ሌላ ሰባት ሰዎች ነበርን፤ እኔም ማናንግ ፓሲንግም ከሰባቱ ነን። «በገዛ ሆስፒታሌ ማነህ ልባል?» አሉ ዶክተር። ልጅቷን በሰባታችን ፊት አቁመው ይቅርታ አስጠየቋት። አለቀሰች። ቀጥለው ምን አሉ? «ከዛሬ ጀምሮ እኔ ስደውል መልሼ ልደውል የሚባል ነገር የለም። ያዘዝኩት ይፈጸማል።»

ሶል ተነሳች። «ዶክተር፣ ድምፅዎ በየምረቃው ቪዲዮ ላይ አለ፤ ማንም ያገኘዋል። ዛሬ ድምፅዎን የሆስፒታሉ ቁልፍ አደረጉት። ቁልፉን ደግሞ መንገድ ላይ ጥለውታል» አለቻቸው። እኔም «እውነቷን ነው» አልኩ። «አንተ ሄደህ ገመድህን ጠቅልል» አሉኝ። ሰባታችንም ሰምተናል። ሰምተናል ወይስ አልሰማንም?

ዝናቡ ሲገባ ያ ስልክ ተደወለ። «ኢንዳይ፣ ልጄ፣ ዶክተር ቫልዴራማ ነኝ። ስብሰባ ላይ ነኝና ቶሎ በዪ፣ የይለፍ ቃሌን ቀይሪልኝ።» ድምፁ የሳቸው፣ ሳሉ እንኳ የሳቸው። ጆቬሊን ጣቷ መልሶ ለመደወል ሄዶ ነበር። ያ ስብሰባ ትዝ አላትና መለሰችው። ታዘዘች። ልጄ፣ ማን አይታዘዝም ነበር?

የደወለው ሌባው ነበር። በማግስቱ ኮምፒውተሩ ሁሉ ጠቆረ። የደም ምርመራ የለም፣ የመድኃኒት መዝገብ የለም። በጀልባ ተሻግራ ልጇን አዝላ የመጣችውን እናት በር ላይ «ዛሬ አንችልም» ብለን በዝናብ መለስናት። እኔ ራሴ ነኝ ያልኳት። ፊቷ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ዶክተራችን ሬዲዮ ላይ ወጥተው ምን አሉ? «ሠራተኞቹ በቂ ሥልጠና አልተሰጣቸውም።» በቂ ሥልጠና! የዓመት ፈቃዷን ለሠዋች ሴት በቂ ሥልጠና! ምላሳችንን እንደገና ላስተማረች ሴት በቂ ሥልጠና! አንድ ሰው ብቻ ነበር በቂ ሥልጠና ያላገኘው፤ ረቡዕ ቀን አንድም ጊዜ ብቅ ብሎ አያውቅምና።

ቀጥሎ ሶልን ቢሯቸው ጠሯት። «ልጅቷ ያስተማርኳትን ችላ ብላ ነው በዪ፣ በቦታሽ ትቆያለሽ» አሏት። ቀላል ነገር ነው። አንዲት ቃል፣ አንዲት ጸሐፊ። ሶል ምን አለቻቸው? «ዶክተር፣ ያስተማርኳትን ብታደርግ ይቅርታ አስጠየቋት። ያዘዟትን ብታደርግ ደግሞ ሊያስሯት ነው?» ብላ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ወንበሯ ባዶ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የቀጠራት አልተገኘም። «ያቺ ሳታስተምር የቀረችው መምህርት» ተባለች። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሷን ስም ግን በቁሟ ቀበሩት። ዝም ብላ ተቀመጠች? ወይ ፍንክች! በሰፈሩ የቅርጫት ኳስ ሜዳ ዓሣ ሻጮቹን ሰብስባ በስልክ እንዳይታለሉ በነጻ ታስተምር ጀመር። «ማን ልበል?» እያስባለቻቸው ሳለች ወደቀች። ዓሣ ሻጮቹ ናቸው ተሸክመው ሆስፒታል ያመጧት፤ አልተረፈችም። ዛሬም ሣጥኑን የተሸከሙት እነሱ ናቸው፤ እዩዋቸው።

እርስዎ ደግሞ አበባ ልከዋል። ጥብጣቡ ላይ «የማትተካ መምህራችን» ይላል። ዓይንን በጨው መታጠብ እንዲህ ነው!

ለእናንተ ግን፣ ባልደረቦቼ፣ የምላችሁ አለኝ። ሰኞ ጆቬሊን «ሆስፒታሉን ለሌባ ከፈተች» ተብላ ፍርድ ቤት ትቆማለች። ዶክተር «እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልሰጠሁም» ብለዋል። በጽሑፍ የለም፣ በአፍ ነው። እኔ ሰኞ እመሰክራለሁ፤ ሥራዬ ከሄደ ይሂድ፣ ገመድ መጠቅለል የትም አይጠፋም። ጠበቃዋ ግን፣ «አንተ ብቻህን ከመሰከርክ፣ ጥርስ የነከሰ ሠራተኛ ነው ይሉሃል፣ ሌላ ሰው አምጣ» አለኝ። ሰባታችንም እዚህ ነን። አያችሁ? መሬት መሬት ማየት ጀመራችሁ። ሶል የሞተችው ለዚች ልጅ ብላ ነው። ልጅቷ ከታሰረች ሶል ለምን ሞተች?

ምን አሉ ዶክተር? «ቦታው አይደለም» አሉ? «ይበቃል፣ ውረድ» አሉ? ሰማችሁ? አለቃ አዘዘ። ድምፁ የሳቸው ነው፣ ሳሉም የሳቸው ነው። ታዲያ ዝም ብለን እንታዘዝ? የሚጠይቅልኝ ሰው የለም? ከዚህ ሁሉ ተማሪ አንድ እንኳ የለም?

ማናንግ ፓሲንግ፣ ወዴት ነው? ቀስ በዪ፣ መሬቱ ወጣ ገባ ነው። አሳልፏት እስቲ። ማናንግ፣ ወደ ዶክተር ነው የምትሄጂው? ጡረታሽ እኮ የሚመጣው ዓመት ነው።

ምን አልሽ? ጮክ በዪ፣ ናናይ ሊጋያ ጆሯቸው ደክሟል።

«ማን ልበል?» አለች! ለዶክተር! ፊት ለፊት! ናናይ፣ ሰሙልን? «ማን ልበል ጌታዬ? በዚያ ስብሰባ ያዘዙን እርስዎ ነዎት ወይስ ሌላ ሰው?» አለቻቸው። አለችው እኮ!

ዶክተር፣ ተቀየሙ እንዴ? መኪናው በዚያ በኩል ነው።

ማናንግ፣ ነይ፣ ከጆቬሊን አጠገብ ቁሚ። ሰኞ ትመጫለሽ? በራስሽ አትነቅንቂ፣ በአፍሽ በዪው። «እመጣለሁ» ብላለች። ሁላችሁም ምስክር ናችሁ።

ሶል፣ እህቴ፣ ብሞት ይሻለኛል ያለችሽ ተማሪሽ ይኸው አልሞተችም። አስተምረሻል። በቂ አስተምረሻል። ይህን የማይል አፍ ካለ እኔ ጋ ይምጣ። ድመት የተረገጠች የሚመስለውን ዘፈንሽን አሁን ምን ብሰጥ እሰማው ነበር! አፈሩ ይቅለልሽ። ደህና ሁኚ፣ መምህሬ።

በሉ፣ አውርዷት። ቆይ፣ ጫጩቷን አንሷት፣ ለጆቬሊን ስጧት። ሩዟንም ስጧት። እስከ ሰኞ ትያዛት፣ ፍርድ ቤት አብራን ትመጣለች። ከሰባታችን ገና አምስት ሰው ይቀራል።