የሳምንቴ ይግባኝ

ሽማግሌው መካኒክ ከመኪናቸው ወርደው፣ ከሚጨሰው ኮፈን ፊት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ቦታው ከከተማው መውጫ ያለው ረጅሙ ዳገት ነው። ሰላሳ አምስት ዓመት የሰው መኪና ሲያድን የኖረ ሰው የገዛ መኪናው ዳገት ላይ ቀጥ ስትልበት፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እያየው፣ ነገሩ ያሳፍራል። ያውም መኪናይቱ እንደ ዋዛ የምትታይ አይደለችም፤ በዋጋም በስምም የከበረች፣ የከተማው ሰው «ወይዘሮ» የሚላት ናት።

ከኋላቸው አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና መጥታ ቆመች። ሹፌሯ ዱብ ብላ ወረደች። የእህታቸው ልጅ ናት፤ ሙያውን ኮሌጅ ገብታ የተማረች፣ አሁን በተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ የምትሠራ።

«ጋሼ! ምን ሆነው ነው? ደህና ነዎት?»

«እኔስ ደህና ነኝ። ቺንጋው ተበጥሶ ነው። ሌላ ቺንጋ ጋራዥ አለኝ፤ ታክሲ እየጠበቅሁ ነው።»

«ምን ታክሲ ያስፈልጋል? እኔ እያለሁ! ይግቡ፣ አደርስዎታለሁ።»

ሰውየው ነጯን መኪና ከጎማዋ እስከ ጣሪያዋ አዩና ፊታቸው ጠቆረ። «ከዚህች ውስጥ ከምገባ እንደ ልጅነቴ ዳገቱን በእግሬ ብወርድ ይሻለኛል» አሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ ማወቅ ያለበት ነገር አለ። እኚህ ሰው በከተማው «ዳኛው» ይባላሉ፤ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ከሚስቱም በፊት የሚያማክረው እሳቸውን ነውና። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የዚች ርካሽ መኪና የመጀመሪያ ምርቶች ከተማው ሲገቡ ዳኛው ሞተሯን አዳምጠው፣ «ይህች ሳምንት አትሞላም» ብለው ፈረዱ። እውነታቸውን ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ከዚያ ቀን ወዲህ ፋብሪካው ያወጣላት ስም ተረስቶ «ሳምንቴ» ተባለች፤ ሳምንቴም ሆና ቀረች።

«ለመሆኑ የማን ናት? ተውሰሽ ነው?» አሉ ዳኛው።

«የራሴ ናት፣ ጋሼ።»

«የራሴ? መቼ ገዛሻት?»

ልጅቱ መሬት መሬት አየች። «ዘጠኝ ዓመቷ።»

«ዘጠኝ ዓመት! በየሳምንቱ ቤቴ ትመጪ የለም እንዴ? የት አድርገሻት ነው?»

«ከዳቦ ቤቱ ጀርባ አቆማትና በእግሬ እመጣለሁ። አፍዎን ፈርቼ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ዳኛው መሳቅም መቆጣትም አማራቸው። በመጨረሻ ከወይዘሮ ጎማ ሥር ድንጋይ አስገቡና፣ እንግዳ ቤት እንደሚገባ ሰው አንገታቸውን ሰበር አድርገው ከሳምንቴ ገቡ።

መንገዱን ሁሉ ጆሯቸውን አቁመው ሄዱ። ኩሽኔታው ሲያፏጭ ለመስማት ጠበቁ፤ አላፏጨም። ማርሽ ስትቀይር ካምቢዮው ሲያጉረመርም ጠበቁ፤ ዝም አለ። አንገታቸውን አስግገው ቆጣሪውን አዩ።

«መቶ ሰማንያ ሺህ? ማን ነው ቁጥሩን ወደ ፊት የገፋው?»

«ከአዲስነቷ ከእጄ አልወጣችም፤ ማን ይገፋዋል?» አለች ልጅቱ እየሳቀች። ወዲያው ግን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ለአዋላጆቹ መልስ ይሰጣሉ አሉ።»

«ሰጥቻለሁ እኮ። አይሆንም ብያቸዋለሁ። ቅዳሜ የሚመጡት ለማረጋገጥ ያህል ነው።»

የአዋላጆቹን ነገር ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ዳር ሰፈሮችን በእግራቸው የሚያዳርሱ ሴቶች ናቸው። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ቤት ዘግይተው ደርሰው ሴትዮዋ ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው። ያጠራቀሙት ገንዘብ ያገለገለች ሳምንቴ ይገዛል፤ ለወይዘሮ ግን ገና ሁለት ዓመት መጠበቅ አለባቸው። ዳኛው «ጠብቁ» ብለዋል።

«ሁለት ክረምት በእግራቸው ሊሄዱ ነው?» አለች ልጅቱ።

«መሀል ጭቃ ላይ ጥላቸው ከምትቀር በእግራቸው ቢሄዱ ይሻላል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ትዪኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ልጥ አይደለም ያየሁት፣ እባቡን ራሱን ነው። ማስረጃው ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል።»

ይህ ግድግዳ የዳኛው ኩራት ነው። ከሳምንቴ የወጣ የተሰበረ ዕቃ ሁሉ ጋራዡ ውስጥ በምስማር ይሰቀላል፤ ከየትኛው ዓመት ምርት እንደወጣ በነጭ ቀለም ይጻፍበታል። የውሃ ፓምፖቹ በአንድ ረድፍ፣ ኩሽኔታዎቹ በሌላ ረድፍ ናቸው። ሳምንቴ ልገዛ ነው የሚል ሰው ሲመጣ ዳኛው አይከራከሩም፤ ከበርጩማቸው ሳይነሱ ወደ ግድግዳው በአገጫቸው ያመለክታሉ። ሰውየውም ስልሳ አንዱን ስብርባሪ አይቶ ሐሳቡን ይቀይራል።

ጋራዡ ሲደርሱ ልጅቱ ከግድግዳው ፊት ቆመች። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። እነዚህን ዕቃዎች የደረደሯቸው በዓይነታቸው ነው። በምርት ዘመናቸው እንደርድራቸው?»

«ምን ይለወጣል? ብረት ያው ብረት ነው።»

«ካልተለወጠ ምን ጎዳን? አብረን ነው የምንሠራው።»

ሽማግሌው እያጉረመረሙ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የቀድሞዎቹን ከበሩ አጠገብ፣ የኋለኞቹን ወደ ውስጥ እያደረጉ ዕቃዎቹን ወለሉ ላይ ደረደሯቸው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በር በሩን አጣበቡት፤ እግር ማሳረፊያ ጠፋ። ወደ መሀል ሲገቡ እየሳሳ መጣ። ከአሥራ ሁለት ዓመት ወዲህ ከተመረቱት መኪኖች የወጣው ሦስት ዕቃ ብቻ ነበር፤ ሦስቱ በባዶው ወለል ላይ እዚህም እዚያም ብቻቸውን ተቀመጡ።

ዳኛው በእልህ ጎንበስ አሉና ከሦስቱ አንዱን አነሱ። «ይኸው! ፒስተን! ይህስ አልተሰበረም?»

«ምን ሰበረው፣ ጋሼ? ፈራጁ እርስዎ ነዎት።»

ዳኛው አገላበጡት። ውሸት አያውቁም፤ ለብረትማ ጨርሶ አይዋሹም። «ባለቤቱ ዓመት ሙሉ ዘይት አልቀየረም» አሉ በቀስታ። «ሁለተኛው... ይህ ገደል ከገባችው የወጣ ነው። ሦስተኛው ከገበያ የተገዛ፣ ተመሳስሎ የተሠራ ዕቃ ነው፤ የፋብሪካው አይደለም።»

«ሦስቱም የመኪናዋ ጥፋት አይደሉማ።»

«ቆይ እስቲ፣ አትቸኩዪ! ያንቺዋ የቆየችው በአያያዝሽ ይሁን፣ በዕድልሽ ይሁን ማን ያውቃል? ሦስት ዕቃ አይቶ የሚፈርድ ዳኛ የለም።»

«ልክ ነዎት» አለች። «እኔም በዓመት አራት ሺህ መኪና ባልመረምር አፌን ሞልቼ አልናገርም ነበር። ግን ጋሼ፣ እርስዎ ዘንድ የሚመጣው የታመመው ብቻ ነው። የሐኪም ቤት ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ "በዚህ ከተማ ጤነኛ የለም" ቢል ይፈረድበታል? ያየውን ነው የተናገረው። ደህና ሳምንቴ ያለው ሰው ደግሞ እንደ እኔ እርስዎን ፈርቶ ሌላ ጋራዥ ነው ዘይት የሚያስቀይረው። ጤነኛዋ ከእርስዎ ትሸሻለች፣ በሽተኛዋ ትመጣለች።»

ይህ ነገር ዳኛውን ልባቸው ላይ ወጋቸው። በከተማው የሚሸሹ ሰው መሆናቸውን አያውቁም ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ዳኛው ግን ሞኝ አልነበሩምና ከበሩ አጠገብ ካሉት ፓምፖች አንዱን አንስተው ወደ ነጯ መኪና ሄዱ። ኮፈኗን ከፈቱ፤ በባትሪ እያበሩ ለረጅም ጊዜ አዩ።

«የዚህ ዘንጉ እንደ እርሳስ የቀጠነ ነበር» አሉ አሮጌውን ፓምፕ ይዘው። «ያኔ "ይህን ያወፈሩ ቀን ሰው ይሆናሉ" ብዬ ነበር። አሁን አውፍረውታል። ማሰሪያውንም ለውጠውታል።» ቀና አሉ። «ማን ነገራቸው?»

«እርስዎ ነዎታ! እርስዎና እንደ እርስዎ ያሉ መካኒኮች። ሰው ሲያማርር፣ ገዢ ሲሸሽ ፋብሪካው ይሰማል። ዝም ብላችሁ ብታሞግሷት ኖሮ እስከ ዛሬ እርሳስ ነበር የሚገጥሙላት። ተግሣጽዎ ሠርቷል ማለት ነው፤ የቀረው ተግሣጹን ማንሳት ነው። እንዲያውም ልንገርዎት፣ ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ በምርመራችን የምትወድቀው ከሳምንቴ ይልቅ አዲሷ ወይዘሮ ናት።»

«እሷንስ አትንኪብኝ!» አሉ ዳኛው ጣታቸውን አንስተው። ግን ወዲያው ፈገግ አሉ። ልጅቱን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ይህችን ልጅ ካንዴላ መፍታት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ ባስተማሯት ሙያ ረታቻቸው፤ በመረታታቸውም ደረታቸው ነፋ። «እህቴ የወለደችው ልጅ!» አሉ፣ ለራሳቸው ይሁን ለእሷ ሳይታወቅ።

ቅዳሜ ጧት ዋና አዋላጇ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር መጣች። ግማሹን ሰፈር በእጇ የተቀበለች፣ ነገር በአጭሩ የምትወድ ሴት ናት። ጋራዡ ውስጥ አምስት ደንበኞች ነበሩ። ዳኛው ለብቻቸው ጠርተው ሊነግሯት ይችሉ ነበር፤ እሳቸው ግን ፍርዱ በአደባባይ እንደተሰጠ በአደባባይ መነሳት አለበት አሉ።

«ሳምንቴዋን ግዙ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ከደንበኞቹ አንዱ የጠጣው ሻይ ትን አለው። አዋላጇ ዓይኗን አጠበበች። «ዳኛው፣ ባለፈው ወር አይሆንም አሉን። የቱን እንመን?»

«ሁለቱንም። ከሃያ ዓመት በፊት ሳምንቴ አትረባም ያልሁት እውነት ነበር። ዛሬም ያንኑ ብል ውሸታም ነኝ። መኪናዋ ተለውጣለች፤ ሳይለወጥ የቆየው የእኔ ምላስ ነው። ያልሁትን ሳላጣራ ስደጋግም ኖሬያለሁና ስንቱን ሰው ሳላሳስት አልቀረሁም፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

አዋላጇ ቀረብ ብላ የዳኛውን በዘይት የጠቆረ እጅ በሁለት እጇ ያዘች። «ስንት ሰው ሳዋልድ ኖሬ» አለች፣ «እንዲህ ያለ ሽማግሌ ሲወለድ ዛሬ ገና አየሁ።» ሁሉም ሳቁ፤ ከሁሉም አብልጠው ዳኛው።

ከስድስት ዓመት በፊት የተመረተች ሳምንቴ ተመርጣ ተገዛች። ዳኛው ዘይቷን በየስንት ኪሎ ሜትሩ እንደሚቀይሩ ለሴቶቹ አስተማሩ፤ በየወሩም በጆሯቸው ሊያዳምጧት ቃል ገቡ። በዚያ ክረምት ሦስቱ አዋላጆች አርባ ሰባት እናቶች ዘንድ ደርሰዋል፤ ዘግይተው የደረሱበት ቤት አልነበረም። የቆጡን ሲጠብቁ የብብታቸውን ሳይጥሉ ቀሩ ማለት ነው። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ከገበያው ኋላ ተደብቀው የኖሩ ሳምንቴዎችም አንድ በአንድ ወደ ጋራዡ ይመጡ ጀመር፤ ዳኛው በሕይወታቸው እንደዚያ ክረምት ሥራ በዝቶላቸው አያውቅም።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ አባቶች። እውነት ነው። በጎ ስምም ሆነ ክፉ ስም ባለቤቱ ከተለወጠ በኋላም ይቆያልና፣ ስም የሚያወጣ ሰው ያወጣውን ስም አልፎ አልፎ መለስ ብሎ መመርመር ግዴታው ነው። የረከሰው ሲታረም ክብሩን ይስጠው፤ የከበረው ሲሰንፍም ይገሥጸው። ያለዚያ የሚተጋው በከንቱ ይተጋል፣ የሚሰንፈውም በስሙ ይነግዳል።

ዛሬም ሰዎች ወደ ጋራዡ እየመጡ «ዳኛው፣ እንዲህ ያለች መኪና ልገዛ ነው፤ ምን ይሉኛል?» ይሏቸዋል። ዳኛው ከበርጩማቸው ይነሳሉ፤ እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ።

«የስንት ዓመት ምርት ናት?» ይላሉ። «አምጣትና አብረን እንስማት።»